ከውጭ የሚመጣ የተሳቢ ጎማ ጥራትና ሚዛን እንዴት ይመረመራል?

በአርሲና በባሌ ስንዴ አምራች ወረዳዎች አጨዳ ሲደርስ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ኮምባይነር ያጨደው ስንዴ በጆንያ ይሞላል፤ ጆንያው በትራክተር ተሳቢ ላይ ይጫናል፤ ተሳቢውም ማሳውን፣ ፈፋውንና የጠጠሩን መንገድ አቋርጦ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ወይም ወደ ገበያ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጉዞ የሰው ዓይን የሚያርፈው በትራክተሩ ላይ ነው። ጭነቱን ተሸክሞ የሚሄደው ግን የተሳቢው ጎማ ነው።

ይህ ጎማ መንገድ ላይ ቢፈነዳ የሚጠፋው የጎማው ዋጋ ብቻ አይደለም። በኪራይ የመጣው ትራክተር ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ያልታሰበ ዝናብ ቢመጣ በማሳ ላይ የቀረው እህል ይበላሻል። ተሳቢው ከተገለበጠ ደግሞ በጆንያው ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የጎማ ምርጫ የሾፌሩና የጎሚስታው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የእህሉ ባለቤት ጉዳይም ነው።

በአርሲ ትራክተር በስፋት መታየት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን በአሰላ ይሠራ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለገበሬው ሰፊ ትምህርት ሰጥቷል። ከዚያም ወዲህ ስለ ዘር አመራረጥ ያልሰማ ገበሬ ጥቂት ነው። የጎማ አመራረጥን ግን ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው ከደረሰበት ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ ዘርን በዓይንና በእጅ መርምሮ የሚገዛ ሰው ጎማንም እንዲሁ መርምሮ መግዛት አያቅተውም። የሚያስፈልገው ምን ማየት እንዳለበት ማወቅ ብቻ ነው።

የተሳቢ ጎማ ከሌላው በምን ይለያል?

የትራክተር የኋላ ጎማ ሥራው መጎተት ነው። በዚህም ምክንያት ጥርሱ ትልቅ፣ ጥልቅና አፈር የሚቆነጥጥ ሲሆን በውስጡ የሚያዘው ነፋስ አነስተኛ ነው። የተሳቢ ጎማ ግን በራሱ አይጎትትም፤ ተጎትቶ ይሽከረከራል። ሥራው መሸከም ስለሆነ ጎኑ ጠንካራ፣ ነፋሱም ከፍ ያለ ነው። ጥርሱም አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያውን የሚሄዱ መስመሮች ያሉት ነው።

የቤት መኪና ጎማ ደግሞ ለፍጥነትና ለምቾት ታስቦ ስለሚሠራ ጎኑ ለስላሳ ነው። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከእህል ተሳቢ ሥር ቢገባ ጎኑ በጭነቱ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም በውስጡ ያለውን ክር ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። በአህያ ወይም በፈረስ ለሚጎተት ጋሪ ጭነቱ ትንሽና ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ያገለገለ የመኪና ጎማ ሊበቃ ይችላል። ከ40 እስከ 50 ኩንታል ለሚጭን የትራክተር ተሳቢ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ

ጥሩ ፋብሪካ ስለ ጎማው ማወቅ የሚገባንን ነገር ሁሉ በጎኑ ላይ አትሞ ይልከዋል። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። ሆኖም ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ስለሆኑ ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ ሊያነባቸው ይችላል።

መጀመሪያ የሚታየው መጠኑ ነው። ለምሳሌ በብዙ የእርሻ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘው መጠን 10.0/75-15.3 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ 10 ኢንች መሆኑን ያሳያል። 75 የሚለው የጎኑ ቁመት ከወርዱ 75 በመቶ ነው ማለት ሲሆን፣ የመጨረሻው ቁጥር ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ስፋቱ 15.3 ኢንች መሆኑን ይናገራል።

ቀጥሎ ፒ አር የሚሉ ሁለት ፊደላት ከቁጥር ጋር ይገኛሉ። 8፣ 10 ወይም 14 ሊሆን ይችላል። ይህ የጎማውን ጥንካሬ የሚያመለክት ደረጃ ነው እንጂ በውስጡ ያለውን የክር ንጣፍ ብዛት በትክክል የሚቆጥር አይደለም። መጠናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አንደኛው 8፣ ሌላው 14 የሆኑ ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በዋጋ መለያየታቸው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚሸከሙት ጭነት የተለያየ ነው።

የመሸከም አቅሙ በግልጽ የሚታወቀው በጭነት ቁጥሩ ነው። ይህም ቁጥር በዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ መሠረት ጎማው የሚችለውን ክብደት ያመለክታል። 100 ማለት 800 ኪሎ ግራም ነው። 121 ማለት 1,450 ኪሎ ግራም፣ 126 ማለት 1,700 ኪሎ ግራም፣ 136 ማለት ደግሞ 2,240 ኪሎ ግራም ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ምልክት የፍጥነት ወሰን ነው። ኤ6 በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ኤ8 በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ቢ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። የጭነት አቅሙ የሚሠራው በዚሁ ፍጥነት ነው። ኤ8 የተጻፈበትን ጎማ ከጭነት መኪና ኋላ አስሮ በአስፋልት ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ማስሮጥ ጎማውን በሙቀት መግደል ይሆናል።

ይህን በስሌት እንየው። አራት ጎማ ያለው ተሳቢ ባዶውን 1,500 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 50 ኩንታል ስንዴ ቢጫንበት ጠቅላላ ክብደቱ 6,500 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለአራት ሲካፈል እያንዳንዱ ጎማ 1,625 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል። የጭነት ቁጥሩ 126 የሆነ ጎማ ይህን ይችላል። 121 የሆነው ግን አይችልም። በ121 ጎማ ሊጫን የሚችለው ከ43 ኩንታል አይበልጥም። ከዚህም በላይ በፈፋና በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ጭነቱ ለአራቱም እኩል እንደማይደርስ መታወቅ አለበት። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሌላው ሸክም በእርሱ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከስሌቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ትርፍ አቅም መያዝ ብልህነት ነው።

ሌላው ሊታይ የሚገባው በክብ ውስጥ የተጻፈ ኢ የሚለው ፊደልና ከጎኑ ያለው ቁጥር ነው። ይህ ምልክት ጎማው በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ተፈትኖ መጽደቁን ያሳያል። ለእርሻ ተሽከርካሪ ጎማዎች የወጣው ደንብ ቁጥር 106 ነው። ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር እንጂ ጎማው የተሠራበትን አገር አይናገርም። 1 ጀርመን፣ 4 ኔዘርላንድስ ነው። የፋብሪካ ስም፣ የተሠራበት አገር፣ የጭነት ቁጥርና የተሠራበት ጊዜ ያልተጻፈበት ጎማ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ መግዛት አይገባም።

ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ገበሬውን ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። በጎማው ጎን ላይ፣ ብዙ ጊዜ በሞላላ ክበብ ውስጥ፣ አራት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ነገር ግን ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ ቁጥሩ 2317 ቢሆን በ2017 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ 2009 ዓ.ም. ይሆናል። ገዢው ግን 17 የሚለውን አይቶ 2017 ዓ.ም. ቢመስለው በስምንት ዓመት ይሳሳታል። በመጋዘን ያረጀውን ጎማ እንደ አዲስ አድርጎ፣ በአዲስ ዋጋ ይወስደዋል። ሻጩ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ የጻፈውም ፋብሪካ እንጂ እርሱ አይደለም። ገዢው ራሱ አስልቶ ካላወቀ ግን ማንም አይነግረውም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳምንቱ ከ36 የማይበልጥ ከሆነ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀነሳል። ከ37 ጀምሮ ከሆነ አዲሱ ዓመታችን ስለገባ 7 ይቀነሳል። ቁጥሩ ባለ ሦስት አኃዝ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ስለሆነ ያለ ክርክር መተው ነው።

ላስቲክ ሳይሽከረከርም ያረጃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ያደርቁታል። ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች የመኪና ጎማ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከተሠራ 10 ዓመት ሲሞላው እንዲለወጥ ይመክራሉ። የተሳቢ ጎማ ደግሞ በዓመት ውስጥ የሚሠራው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጠቃል። በመሆኑም ለተሳቢ ጎማ ከጥርሱ ይልቅ ዕድሜው ሊታይ ይገባል።

በዓይንና በእጅ መመርመር

ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ጎማው ከመደብሩ ወደ ብርሃን ወጥቶ መታየት አለበት። ጎኑን በሁለት እጅ ጫን አድርጎ ማየት ነው። እንደ ደረቀ ጭቃ ጥቃቅን ስንጥቅ ከታየ ላስቲኩ ደርቋል ማለት ነው። በጎኑ ላይ እብጠት ካለ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷልና መተው ያስፈልጋል። እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን መዳበስም ያሻል። የተለጠፈ፣ የተሸበሸበ ወይም ክሩ የወጣበት ቦታ ሊኖር ይችላል።

በቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ጠርዝ በተለይ በጥንቃቄ ይታይ። በውስጡ የሽቦ ቀለበት አለ። ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጡ አንዳንድ ጎማዎች የማጓጓዣ ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል አንዱ በሌላው ውስጥ ተጨቁኖ ይጫናሉ። በዚህ ዓይነት የመጣ ጎማ ጠርዙ ተጣሞ፣ ሽቦውም ታጥፎ ሊገኝ ይችላል። የታጠፈ ሽቦ ተመልሶ አይቃናም። ነፋስ ሲሞላ ከቸርኬው ሊያፈተልክ፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ያገለገለ ጎማ እንደ አዲስ እንዳይሸጥም መጠንቀቅ ይገባል። በአዲስ ጎማ ላይ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የቀሩ ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች ይታያሉ። ያለቀ ጥርስ በጋለ ቢላ ተቆፍሮ ጥልቅ ሊመስል፣ ጎኑም በጥቁር ቀለም ሊያብረቀርቅ ይችላል። በቢላ የተቆፈረ መስመር ግን ጠርዙ ሸካራ፣ ጥልቀቱም ወጥ ያልሆነ ነው። ቀለሙን በነጭ ጨርቅ አሸት አድርጎ ማየት ብዙ ነገር ይገልጣል።

በመጨረሻም ኅብረት ሥራ ማኅበሩ እህል የሚመዝንበት ሚዛን ለዚህም ይጠቅማል። የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ መጠንና የአንድ ደረጃ የሆኑ ጎማዎች ክብደታቸው ተቀራራቢ መሆን ይኖርበታል። ከጓደኞቹ በብዙ ኪሎ የቀለለ ጎማ ላስቲኩ ወይም ክሩ ጎድሏል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሚዛን ማለት ምን ማለት ነው?

የጎማ ሚዛን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በከተማ ያለውን መሣሪያና በቸርኬው ላይ የሚለጠፈውን እርሳስ ነው። ለእርሻ ተሳቢ ግን ሚዛን ሦስት ነገሮችን ያጠቃልላል። እነርሱም የክብደት እኩልነት፣ የክብነት ትክክለኛነትና የጥንዱ መመሳሰል ናቸው።

የክብደቱን ነገር በቁጥር ብናየው፣ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ጥርስ ላይ በአንድ ቦታ 100 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር ተሳቢው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚፈጥረው የመወርወር ኃይል 1.3 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህን ባሌስትራውም ጭነቱም አይሰሙትም። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን ኃይሉ ከ13 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋልና። ስለዚህ በጭነት መኪና ተጎትቶ በአስፋልት ለሚሮጥ ተሳቢ የከተማው የሚዛን መሣሪያ አስፈላጊ ነው። በትራክተር ለሚጎተት ግን በቦታው የሚደረገው ቀላል ምርመራ ይበቃል።

ምርመራውም እንዲህ ነው። ተሳቢው ባዶውን ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይደገፋሉ፤ የሚመረመረው ጎማ በክሪክ ይነሣል። ኩሽኔታው በነጻ መሽከርከሩ ይረጋገጣል፤ የጠበቀ ኩሽኔታ ምርመራውን ያሳስታል። ከዚያም ጎማው በዝግታ ተገፍቶ በራሱ እስኪቆም ይጠበቃል። ሲቆም ከታች የሆነው ቦታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ይህ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ምልክቱ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ ከዋለ ጎማው ሚዛኑን ጠብቋል። ሁልጊዜ አንዱ ቦታ ወደ ታች የሚመጣ ከሆነ ግን ከባዱ በዚያ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ ጎሚስታው ነፋሱን አውጥቶ ጎማውን በቸርኬው ላይ በግማሽ ዙር ቢያዞረው ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። በአንዳንድ አዲስ ጎማ ጎን ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ይታያል። ይህ የጎማው ቀላል ቦታ ስለሆነ ነፋስ በሚሞላበት ቫልቮላ አንጻር እንዲውል ይደረጋል።

ከክብደቱ ይልቅ ተሳቢን የሚጎዳው ክብ አለመሆን ነው። ጎማው እንደተነሣ አንድ ሚስማር በእንጨት ላይ ተመትቶ ጥርሱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው መሬት ላይ ይተከላል። ጎማው ሲዞር በሚስማሩና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ጎማው ወይም ቸርኬው ተበላሽቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሚስማሩን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠግቶ ምርመራውን መድገም ነው። 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ4,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ጎማው በአንድ በኩል ከፍ ካለ በእያንዳንዱ ዙር ጭነቱን ያነሣዋል፤ ይጥለዋልም። ኩሽኔታውና ቡሎኑ ያለ ጊዜያቸው የሚያልቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የጥንዱ መመሳሰል ነው። በአንድ አክስል ላይ የሚገቡ ጎማዎች መጠናቸው፣ ደረጃቸውና የክራቸው አሠራር አንድ መሆን አለበት። ራዲያል የሚባለውንና ክሩ በሰያፍ የተነጠፈውን ማቀላቀል አይገባም። ነፋስ ከተሞላ በኋላ የሁለቱም ዙሪያ በሲባጎ ይለካ። በተለይ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን በሚታሰርበት ተሳቢ ላይ አንዱ ከፍ ካለ የሌላውንም ሸክም ይሸከምና ቀድሞ ይፈነዳል።

ቸርኬና ነፋስ

ጥሩ ጎማ በማይስማማው ቸርኬ ላይ ከገባ ጥሩነቱ ዋጋ የለውም። 15 እና 15.3፣ 16 እና 16.5 ተቀራራቢ ቁጥሮች ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ አይችልም። ባለ 16 ጎማ በ16.5 ቸርኬ ላይ በግድ ገብቶ ነፋስ ሲሞላ ጠርዙ ተበጥሶ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በቸርኬው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከጎማው ቁጥር ጋር ሳያመሳክሩ ማስገባት ክልክል መሆን ይኖርበታል። ነፋስ ሲሞላም ማንም ሰው ከጎማው ፊት ለፊት መቆም ወይም በላዩ መጎንበስ የለበትም።

የነፋሱን መጠን ፋብሪካው በጎማው ጎን ላይ ይጽፈዋል። የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ነው። በእግር ረግጦ መገመት አያስተማምንም፤ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ጎማ ነፋሱ ጎድሎም ሙሉ ይመስላልና። በአንድ በኩል ነፋስ የጎደለው ተሳቢ ወደዚያው ያዘነብላል፤ ጭነቱም ወደዚያው ይሄዳል። ጥሩ ሚዛን ያለው ጎማ ተገዝቶ በነፋስ ጉድለት ሚዛኑን እንዲያጣ ማድረግ ገንዘብን መጣል ነው።

ከመግዛት በፊት

ጎማ በአጨዳ መካከል በችኮላ ሲገዛ ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ተሳቢ ያላቸው ገበሬዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት አጨዳ ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ጎማቸውን ቢመረምሩ፣ የሚለወጠውንም ለይተው በጥንድ ቢገዙ ይጠቀማሉ። ወደ መደብር ሲሄዱ የቸርኬውን ቁጥር፣ የተሳቢውን ባዶ ክብደትና ሊጭኑ ያሰቡትን ኩንታል ጽፈው መያዝ አለባቸው። ከሻጩም የጎማው መጠን፣ የጭነት ቁጥርና የተሠራበት ሳምንትና ዓመት የተጻፈበት ደረሰኝ መጠየቅ ይገባል። ይህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ወደ ሌላው መደብር መሄድ ነው።

በአካባቢው ያለ የእርሻ ልማት ሠራተኛም ስለ ዘር በሚያስተምርበት ቀን አንድ ጎማ መሐል አቁሞ ቁጥሮቹን ለገበሬዎቹ ቢያስነብብ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ትምህርት ነው። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ስንዴ ከማሳ እስከ ጎተራ የሚጓዘው በእነዚህ ጎማዎች ላይ ነውና፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቁጥሩን ማንበብና ዓመቱን በራስ አቆጣጠር ማስላት የሁሉም ተሳቢ ባለቤት ልማድ ሊሆን ይገባል።